ከወሊሶ እስከ መርዶው ንጋት

ሰንበት ትምህርት ቤት ውስጥ ሕፃናትን ብዙ ዓመት አስተምሬአለሁ። ስለ ውሸት ሳስተምር ደግሞ የሚስተካከለኝ አልነበረም። "ለበጎ ተብሎ የሚዋሽ ውሸት የለም፤ ውሸት ውሸት ነው" ብዬ ጣቴን ሳወዛውዝ ልጆቹ ብቻ ሳይሆኑ ልጆቻቸውን ሊወስዱ በር ላይ የሚጠብቁት እናቶች ጭምር ቀጥ ብለው ይቆሙ ነበር። በዚህ እኮራ ነበር። ሰውን ፊት ለፊት የምናገር፣ ከተናገርኩ በኋላም "እኔ በሆዴ አልይዝም" ብዬ የምመጻደቅ ሴት ነበርኩ። በሆድ መያዝ ምን ያህል እንደሚከብድ፣ አንዳንዴም ምን ያህል ትልቅ ክርስትና እንደሆነ ያየሁት ከአየር ጤና ወልቂጤ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ነው። ያሳዩኝ እናት ካረፉ ዓመት ሊሞላቸው ነው። በወጉ ይቅርታ ሳልጠይቃቸው ቀረሁ።

ጎረቤቴ ነበሩ። ሰፈራችን ከአየር ጤና ወደ ቤቴል በሚወስደው መንገድ ገባ ብሎ ነው። የእሳቸውን ግቢ ከእኔ የሚለየው አንድ የቆርቆሮ አጥር ሲሆን፣ እሱም ጥጉ ላይ ተገንጥሎ ሳህን የሚያሳልፍ ቀዳዳ ነበረው። ከጉራጌ አገር በሙሽርነት መጥተው፣ ከባለቤታቸው ጋር ጨርቃ ጨርቅ ሲሸጡ ኖረው፣ ባለቤታቸው ሲሞቱ ሱቁን አከራይተው ቤት መዋል የጀመሩ ሴት ናቸው። ልጆቻቸው አግብተው በየአገሩ ተበትነዋል። እኔ "እማማ" እላቸው ነበር። እሳቸው ሲወዱኝ "ልጄ"፣ ቱግ ስል ደግሞ "አንቺ ሚጥሚጣ" ይሉኛል።

እውነቱን ለመናገር፣ ቂም ይዤባቸው ነበር። ነገሩ እናቴ ጎጃም ካረፈችበት ቀን ይጀምራል። የዚያን ዕለት ከሰዓት በኋላ እማማ ክትፎ ሠርተው፣ በአጥሩ ቀዳዳ ሳይሆን በበሩ ዞረው መጡ። "ዛሬ ብቻዬን መብላት አስጠላኝ" አሉኝ። እያጎረሱኝ፣ ባለቤታቸው በወጣትነታቸው እንዴት ይቀኑባቸው እንደነበር እያወሩ፣ እንባዬ እስኪፈስ አሳቁኝ። በማግስቱ ጎህ ሲቀድ የዕድሩ ሽማግሌዎች በሬን አንኳኩ። ከመሀላቸው እማማ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ቆመዋል።

መርዶ እንዲህ ነው የሚነገረው። ሰውየው በልቶ፣ ተኝቶ፣ ሲነጋ፣ ወገን በተሰበሰበበት። ይህንን የማያውቅ የለም፣ እኔም አውቃለሁ። በራሴ ሲደርስ ግን አልዋጥልኝ አለ። እናቴ ሞታ እኔ አፌን በክትፎ ሞልቼ መሳቄ አንገበገበኝ። እማማ ያን ሁሉ ሰዓት ያውቁ ነበር፤ እያወቁ ነው ያሳቁኝ። አታለሉኝ ብዬ ደመደምኩ። ሰላምታችን አልተቋረጠም፣ ሳህኑም በቀዳዳው መመላለሱን አልተወም። በሆዴ አልይዝም ባይዋ ግን ይህንን ስድስት ዓመት ሙሉ ያዝኩት።

በስድስተኛው ዓመት አንድ የጥር ቀን፣ ረፋድ ላይ፣ የዕድራችን ሰብሳቢ ቤቴ መጡ። በሩን ከኋላቸው ዘጉና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "የእማማ ወንድም ዛሬ ንጋት ላይ አርፈዋል" አሉኝ። ወንድማቸው ከወልቂጤ ወዲያ ባለ ገጠር የሚኖሩ፣ እማማ ስማቸውን ሳይጠሩ የማይውሉ፣ አንድ ያላቸው ወንድም ናቸው። ቀብሩ በማግስቱ ቀትር ላይ ነው። ለእማማ የተነገራቸው "ወንድምዎን ትንሽ አሟቸዋል፤ ሊያዩዎት ፈልገዋል" ተብሎ ነው። ወልቂጤ ከተማ ታናሽ እህታቸው ቤት ያድራሉ፣ ንጋት ላይ መርዶው ይነገራቸዋል፣ ከዚያ ወደ ቀብሩ ይሄዳሉ። አብሯቸው የሚጓዝ ሰው ያስፈልግ ነበር። እኔ የዓመት ፈቃድ ላይ ነበርኩ።

"ቃል እንዳይወጣሽ" አሉኝ ሰብሳቢው።

"አይወጣኝም" አልኩ።

ሊወጡ ሲሉ ዞር ብለው ከላይ እስከ ታች አዩኝና፣ "ያንን ጥቁር ሹራብ ቀይሪ" አሉኝ።

እማማ ቤት ስደርስ ሌላዋ ጎረቤታችን ስልካቸውን "ቻርጅ ላድርግልዎ" ብላ ወስዳ ደብቃዋለች። ድንገት ዘመድ ደውሎ እንዳያረዳቸው ነው። እማማ ሳይጠራጠሩ ቦርሳቸውን አንጠልጥለው ወጡ። አየር ጤና መኪናው ጋ ከመድረሳችን በፊት አንድ ሱቅ ገብተው አራት የሬዲዮ ድንጋይ ገዙ።

"የገጠሩ ድንጋይ ሁለት ቀን አይቆይም" አሉኝ በመሐረብ እየቋጠሩት። "እሱ ደግሞ ዜና ካልሰማ እንቅልፍ አይወስደውም። ሲያመውማ ሬዲዮውን አቅፎ ነው የሚተኛው።"

ሌላ ቦታ የማይ መሰልኩ። ለሞተ ሰው ድንጋይ ሲገዛ ቆሜ ማየት ምን እንደሚያደርግ መግለጽ አልችልም። ያዘንኩ መስሎኝ ነበር፤ አሁን ሳስበው ግን ከሐዘኔ ይልቅ ንዴቴ ይበልጥ ነበር።

ሰብሳቢው ሸኝተውን ስለነበር ከመነሳታችን በፊት በሾፌሩ ጆሮ አንድ ነገር አሉት። ሾፌሩ አንገቱን ነቀነቀና ከፍ አድርጎ የከፈተውን ዘፈን ዘጋው። መስኮቱ ጋ የተቀመጠ ባለኮት ሰውዬ ማንም ሳይጠይቀው ተነስቶ፣ "እናቴ፣ እዚህ አየር አለ" ብሎ ቦታውን ለቀቀላቸው። ሰበታን ሳናልፍ መኪናው በሙሉ አውቋል። ማን ለማን እንደነገረው አላየሁም። ማንም አልተነፈሰም ይሆናል፤ ተቻኩላ የተሳፈረች አሮጊትና አጠገቧ ፊቷን ያጠቆረች ሴት ሲያዩ ገብቷቸው ይሆናል። ሻሽ ያሰሩ አንዲት ሙስሊም እናት ከኋላ ብርቱካን ልጠው አቀበሏቸው። ባለኮቱ በጉራጊኛ አገራቸውን ጠየቃቸው፤ ሲነግሩት ከዚያ ማዶ ያለው የእናቱ አገር መሆኑን ነገራቸው። ከዚያ ወደ አማርኛ ተመልሶ ሁላችንም እንድንሰማ፣ "መቼም ወንድ ልጅ ሲያመው ጩኸቱ ነው የሚበዛው! ደርሰው ሲያዩት እሱ ተሽሎት፣ እርስዎን ነው መንገዱ የሚያሳምምዎ" አለ። እማማ ሳቁ። መኪናውም አብሮ ሳቀ።

እኔ ብቻ አልሳቅኩም። አንድ መኪና ሙሉ ውሸታም አልኩ በሆዴ። ያ የክትፎ ሳቅ ከስድስት ዓመት በኋላ ተመልሶ መጣብኝ። እኔንም እንዲህ ነበር ያደረጉኝ፤ ሁሉም እያወቀ እኔ ብቻ ሞኝ ሆኜ።

ቱሉ ቦሎ አካባቢ፣ "ልጄ፣ ስልክሽን ስጪኝ፤ ድምፁን ልስማው" አሉኝ።

"ኔትወርክ የለም እማማ።"

ጥቂት ቆይተው፣ "አሁንስ?" አሉኝ።

"አሁንም የለም" አልኩ። ባለኮቱም ኪሱን እየዳበሰ፣ "የኔም አይሠራም፤ ይህ መንገድ እንዲሁ ነው" ብሎ አገዘኝ። አደራው ከበደኝ ብል ውሸት ነው፤ የከበደኝ ስለ ራሴ ያለኝ ግምት ነው። እኔ፣ የውሸት አስተማሪዋ፣ እንዲህ እያልኩ ልሄድ ነው?

ወሊሶ ለምሳ ወረድን። ምግብ ቤቱ ጓሮ፣ ዛፍ ሥር፣ ቧንቧ የተገጠመለት በርሜል አለ፤ እጃችንን ልንታጠብ እኔና እማማ ብቻችንን ሄድን። ውሃውን ከፍተው እጃቸውን እየታጠቡ፣ "ጥብስ አስቋጥረን ብንሄድለት ይበላ ይሆን?" አሉኝ።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ጊዜ ራሴን ላሳምን ሞክሬአለሁ። "ጠይቀውኝ ነው፤ በእግዚአብሔር ስም ቢጠይቁኝ ምን ላድርግ?" እላለሁ። አልጠየቁኝም። የጠየቁኝ ስለ ጥብስ ነው።

"እማማ፣ ወንድምዎ አርፈዋል" አልኩ። "ዛሬ ንጋት ላይ። እውነቱን ማወቅ አለብዎ ብዬ ነው።"

ውሃው ይወርዳል። እጃቸውን ማሸታቸውን ቀጠሉ። ይወድቃሉ ብዬ ክንዳቸውን ልይዝ ስል በክርናቸው ገፋ አደረጉኝ። ቧንቧውን ዘጉ።

"እህቴ ታውቃለች?"

"አዎ። ሲያርፉ አጠገባቸው ነበሩ።"

"ማን ነው ሊያረዳኝ የነበረው?"

"እሳቸው ናቸው። ነገ ጠዋት፣ ከሽማግሌዎቹ ጋር።"

እጃቸውን በቀሚሳቸው አደረቁ። ዓይናቸው ደረቅ ነው። "እንግዲያው አንቺ አልነገርሽኝም" አሉኝ።

"እማማ..."

"ዝም በይ። ያስታመመችው እሷ ናት። ዓይኑን የከደነችው እሷ ናት። አሁን የምታለቅስ ይመስልሻል? ቤት እየጠረገች ነው፤ እኔን ለመቀበል ጉድ ጉድ እያለች ነው። እኔ ሰምቼ አንገቷ ላይ ስወድቅ ነው እሷም የምትወጣላት። እዚህ መንገድ ላይ አልቅሼ ባዶዬን ልሂድባት?" ነጠላቸውን አስተካከሉ። "አንቺንም አደራ በላች ብለው ስምሽን ያነሱታል። እኔ ምንም አልሰማሁም፤ አንቺም ምንም አላልሽም። ግቢና ብዪ።"

ገባን፤ ጥብሱ መጣ። እሳቸው በሉ። እኔ አልበላልኝ አለ።

ከአየር ጤና እስከ ወሊሶ ተሳፋሪው ነበር ምስጢሩን ለእማማ በሆዱ የያዘላቸው። ከወሊሶ በኋላ እማማ ለሁሉም ያዙ። ባለኮቱ ያንን ደግነቱን ሳያቋርጥ፣ "ወንድምዎ ጨዋታ ይወዳሉ?" ብሎ ጠየቃቸው። እሳቸውም ወንድማቸው በልጅነቱ ከአባታቸው ዱላ ለማምለጥ የእሳቸውን ቀሚስ ለብሶ፣ ሻሽ አስሮ፣ በአባታቸው ፊት ውሃ ቀጂ መስሎ እንዴት እንዳለፈ ነገሩት። ሾፌሩ ሳይቀር ሳቀ። "እንዲህ ያለ ሰው አይሞትም!" አለ ባለኮቱ። "እግዜር ይስማህ" አሉት እማማ። እጃቸውን ጉልበቴ ላይ አሳርፈው ነበር። ጥፍራቸው በቀሚሴ አልፎ ተሰማኝ። አልተንቀሳቀስኩም፤ ቢያንስ ለዚያ ልጠቅማቸው ብዬ።

እዚያ ነው ክትፎው የገባኝ። እናቴ አዲስ አበባ በመጣች ቁጥር ውሎዋ ከእማማ ጋር ነበር። ጡረተኛ ጓደኛሞች ነበሩ፤ አንዷ ጎጃም፣ አንዷ ጉራጌ፣ ሁለቱም ስለ እኔ ቁጣ ሲያሙኝ የሚውሉ። ክትፎውን ይዘው የመጡ ዕለት እማማም ጓደኛቸው ሞታባቸው ነበር። ለቅሷቸውን ውጠው ነው ያጎረሱኝ። በኋላ ለሦስት ቀን እህል እንደማይወርድልኝ ስለሚያውቁ ሆዴን ሊሞሉልኝ ነው የመጡት፤ አንድ ከሰዓት በኋላ ጨምረው እናት ያላት ልጅ ሊያደርጉኝ ነው። እኔ ይህንን ማታለል ብዬ ስድስት ዓመት ቆጠርኩባቸው። ይባስ ብሎም እሳቸው ለእኔ የሰጡኝን ያንን ከሰዓት፣ እኔ ከእሳቸው ወሊሶ ላይ ነጠቅኳቸው።

ወደ ኤማሁስ ይሄዱ ስለነበሩት ሁለት መንገደኞች ለሕፃናቱ ስንት ጊዜ አስተምሬአለሁ! ሰሌዳው ላይ መንገዱን እየሳልኩ። ጌታ አብሯቸው ያን ሁሉ መንገድ ሲሄድ እኔ ነኝ ብሎ ወዲያው አልነገራቸውም። እያዘኑ ሲያወሩት ሰማቸው፤ ቤት እስኪገቡ፣ ማዕድ እስኪቀርብ ቆየ። እኔ ሁልጊዜ መጨረሻውን፣ ማንነቱ የተገለጠበትን ብቻ ነበር የማስጠናቸው። መንገዱን ዘልዬው ነበር። ከወሊሶ ወዲህ በመስኮት እያየሁ ያሰብኩት ይህንን ነው፤ እውነት እንኳ ራሱ ከሰው ጋር እግር በእግር ለመሄድ ታገሠ። እኔ ግን የሁለት ሰዓት መንገድ መታገሥ አቃተኝ።

ወልቂጤ ስንወርድ ባለኮቱ ቦርሳቸውን ይዞ እስከ ባጃጁ ሸኘን። ሲሰናበታቸው ጎንበስ ብሎ ጉልበታቸውን ሳመ። ለበሽተኛ ጠያቂ እንዲህ አይደረግም፤ እማማ ግን ምንም እንዳልገባቸው ሰው ግንባሩን ስመው መረቁት።

እህታቸው በር ላይ ቆመው ጠበቁን። ፊታቸው ታጥቧል፣ ዓይናቸው አብጧል። "ጉንፋን ይዞኝ ነው" አሉ። "ይማርሽ" አሉ እማማ። እራት ቀረበ። እህታቸው ሲያጎርሷቸው እማማ አንዱንም ጉርሻ አልመለሱም። እህታቸው ሰርቀው ያዩዋቸው ነበር፤ "እሰይ፣ በላችልኝ" የሚል ነበር ዓይናቸው። እማማ ያንን አይተው ሌላ ጉርሻ ጠየቁ። "ድንጋይ ገዝቼለታለሁ፤ ነገ እሰጠዋለሁ" ሲሉ እህታቸው ወጥ ልጨምር ብለው ወደ ጓዳ ገቡ፤ ቶሎም አልተመለሱም። ይህ ሁሉ ሲሆን ቤት ውስጥ ካለነው ሰዎች ማን ምን እንደሚያውቅ ሙሉ በሙሉ የምናውቀው እኔና እማማ ብቻ ነበርን። ቅጣት ካሉ ከዚህ የበለጠ አላውቅም።

ጎህ ሲቀድ ሽማግሌዎቹ ገቡ። አንደኛው "እግዚአብሔር ያጽናሽ" ብለው ሳይጨርሱ እህታቸው፣ "እትዬ፣ ወንድማችን!" ብለው ጮሁ። እማማ ያስመስላሉ ብዬ ፈርቼ ነበር። ማስመሰል አልነበረም። ከወሊሶ ጀምሮ የታመቀው ሁሉ አንድ ላይ ወጣ፤ እህታቸው ደረት ላይ ወደቁ፣ እህታቸውም እላያቸው ላይ። ሁለቱ አሮጊቶች አንድ ላይ ሲያለቅሱ ሽማግሌዎቹ ሊያላቅቋቸው አልሞከሩም። እኔ ግድግዳው ሥር ቆሜ አለቀስኩ፤ ማንም ለምን ብሎ አልጠየቀኝም።

በሦስተኛው ቀን ልመለስ ስነሳ እህታቸው ድንኳን ውስጥ፣ ለቅሶ ደራሹ ሁሉ እያየ፣ ሁለት እጄን ያዙ። "አንቺ ልጅ፣ እህቴን ሳትሰማ እጄ ላይ አደረስሽልኝ። ስንቱ ምላሱ አምልጦት ሰው መንገድ ላይ ይገድላል። አንቺ አደራሽን ጠበቅሽ። አደራሽን የሚጠብቅ ይስጥሽ!" አሉኝ።

አፌን ከፈትኩ። እዚያው ሁሉንም ልናገር ነበር። እማማ ፍራሹ ላይ እንደተቀመጡ ቀና ብለው አዩኝ። ቁጣ አላየሁባቸውም፤ በጣም ደክሟቸው ነበር። "አሜን በይ እንጂ ልጄ" አሉኝ።

"አሜን" አልኩ።

ከዚያ በኋላ እማማ አምስት ዓመት ኖሩ። ይቅርታ ልጠይቃቸው ብዬ በዚያ በር ስንት ጊዜ ገባሁ። አንድ ቀን እንደምንም ጀመርኩት፤ "እማማ፣ ያን ጊዜ ወሊሶ ላይ..." ስል፣ "ወሊሶ? ወሊሶ ምን ሆንን? ጥብስ በላን እኮ" ብለው አቋረጡኝና ስለ ኪራይ ቤታቸው ጣሪያ ማውራት ያዙ። ደስ አለኝ። አፍሬ የምናገረው ይህንን ደስታ ነው። እሳቸው እኔን ለመሸፈን የዘጉትን በር እኔ ለራሴ ምቾት ተዘግቶ እንዲቀር ተውኩት። እግራቸው ላይ ወድቄ "የለም፣ ነግሬዎታለሁ፤ ይማሩኝ" ማለት ነበረብኝ። ሌላ ቀን አልኩ። ሌላው ቀን ሳይመጣ አረፉ።

ቀብራቸው ላይ እህታቸው ከወልቂጤ መጥተው ነበር። አርጅተዋል፣ ዓይናቸው ደክሟል፤ ድምፄን ሲሰሙ ግን አወቁኝ። የሰፈሩ ሰው በሞላበት ድንኳን ክንዴን ይዘው፣ "ያቺ አደራ ጠባቂዋ ልጅ ይህች ናት" ብለው ለሁሉም ነገሩ፤ ከዚያም እንደገና መረቁኝ። ሰዉ ዞሮ አየኝ። የዕድሩ ሰብሳቢ በኩራት ራሳቸውን ነቀነቁ። በዚህኛው ጊዜ አሜን በይ የሚለኝ ማንም አልነበረም። ራሴ አልኩት።